ጓሳን ማን ይከፍታል?

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እርሻው ያልቅና ሣር ይጀምራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚውጠው፣ እዚህም እዚያም ጅብራ ቀጥ ብሎ የቆመበት ሜዳና ሸንተረር ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚጠብቅ እንግዳ እዚህ ሲደርስ «ታዲያ የሚጠበቀው ምኑ ነው?» ሳይል አይቀርም። የሚጠበቀው ሣሩ ነው። ጓሳ ይባላል፤ የሣሩም የቦታውም ስም ነው።

መንዝ ብርዳም አገር ነው። የሚዘራው ገብስ፣ የሚረባው በግ፣ የሚለበሰው በርኖስና ባና ነው። ጓሳም እንደ ገብሱና እንደ በጉ የኑሮ ዕቃ ነው። ቤት ይከደንበታል፤ በደንብ የተከደነ የጓሳ ጣሪያ ገለባ ከተከደነበት ቤት ይልቅ ብዙ ክረምት ይሻገራል። ገመድ ይገመድበታል፣ መጥረጊያ ይታሰርበታል፣ ግድግዳ ሲመረግ ከጭቃው ጋር ይቦካል፣ እረኛው ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው ገሳ ከእሱ ይሠራል። እንግዲህ ማጭድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሣር ለማጨድ በቂ ምክንያት አለው ማለት ነው። ሣሩ ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየታጨደ እስከ ዛሬ አለ።

እንዴት? በየስብሰባውና በየሪፖርቱ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የተለመደው መልስ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ» ነው። ይህ መልስ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ሣሩን የሚያጭደው ሰው ሣሩ እንደሚያልቅ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዓሣ አጥማጁም ስለ ሐይቁ እንደዚያው። የሚጎድለው ዕውቀት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ የሥልጠና ሳምንት ባለቀ ነበር። መጠየቅ ያለበት ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው። የሚዘጋው ማን ነው? የሚከፍተውስ?

በአካባቢው ትውፊት መሠረት ጓሳን ለጋራ ግጦሽና ለሣር አጨዳ የለዩት መንዝን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው፤ ወረዳው ዛሬም በጌራ ስም ይጠራል። አስተዳደሩ ቄሮ ይባል ነበር። በቅርቡ በፖለቲካው ከምናውቀው ስም ጋር ከአጠራር በቀር ዝምድና የለውም። የቄሮው አለቃ አባ ቄራ ይባላል፤ የሚመርጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ዋና ሥራው መዝጋትና መክፈት ነበር። ጓሳ ሲዘጋ ለ3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ተከታታይ ዓመት ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፣ ከብትም አይነዳም። ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት ቀን ይቆረጥና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይነገራል። መጀመሪያ ይታጨዳል፤ ከዚያ ለከብት ይለቀቃል፤ ዝናብ ሲገባ ከብቱ ይወጣል።

ስለ ጓሳ የሚያወሩ ሰዎች መዝጋቱን ያነሳሉ፤ የመክፈቻውን ቀን ይዘነጉታል። ለእኔ ግን የሥርዓቱ ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው 5 ዓመት ሊታገሥ የሚችለው ጎረቤቱ በሌሊት እንደማይገባ ሲያምንና በመጨረሻም ሣሩ ለእሱም እንደሚከፈት ሲያውቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ትዕግሥቱ ሞኝነት ይሆናል። ፈጽሞ የማይከፈት ነገር ደግሞ ለገበሬው የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ የሌላ ሰው ንብረት በጨለማ ይታጨዳል።

ሥርዓቱን እያሞገሱ ብቻ ማለፍ ግን ልክ አይሆንም። ጓሳ የሁሉም አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ መወለዱን ዘር ቆጥሮ ማሳየት ያልቻለ ሰው ከበሩ ውጭ ነበር። የሰው መሬት የሚያርሰውና ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረው ሣሩን ከሩቅ ያየው ነበር። ሥርዓቱ የቆመው በርስት ላይ ስለነበር የርስት ጥቅሙም በደሉም አብሮት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ የቄሮው መሠረት አብሮ ተነቀለ። አባ ቄራ በአንድ ጀምበር ተራ ገበሬ ሆነ፤ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበር ሄደ። ከውጭ ለነበሩት ቀኑ የፍትሕ ቀን ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ለሣሩ ግን ክፉ ቀን ነበር። ተከልክሎ የኖረው ገባ። እሱ ሲገባ ያየው የቀድሞው ተጠቃሚም «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ብሎ ማጭዱን ሳለ። የሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነበር። መንግሥት መሬቱን የሁሉም ሲያደርግ የሚዘጋውን ሰው አልተካም።

መንዞች የሠሩት ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ብዙ አልተነገረለትም። አሮጌውን ቄሮ እንደነበረ አላመጡትም። ጓሳን የሚያዋስኑት ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የተጠቃሚነት መስፈርቱ ዘር መሆኑ ቀርቶ ነዋሪነት ሆነ። የመዝጋትና የመክፈት ልማዱን ግን ከአባቶቻቸው ወሰዱት። የመተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ፣ ከማኅበረሰቡ የወጡ ጠባቂዎች (ስካውቶች) ተመደቡ፣ እንደ ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶችም ከጎናቸው ቆሙ። በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ደንብ አውጥቶ ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አወቀው። ከመንግሥት ፓርክ የሚለየው እዚህ ጋ ነው፤ የሚያስተዳድረው በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ቦታ ውሃውን በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይልካል። ጓሳን መጠበቅ ለማን እንደሚጠቅም ስንጠይቅ ዝርዝሩ ከመንዝ በጣም ይርቃል ማለት ነው።

ሣሩ ሲጠበቅ አብሮ የተጠበቀ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም አይገኝም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። እዚያው ሜዳ ላይ ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ቀበሮዋ በመካከላቸው ቀስ ብላ ትመላለሳለች፤ ግልገሎቻቸውን አትነካም፣ እነሱም አይሸሿትም። ዓይኗ ያለው ከመሬት ብቅ በሚሉት አይጦች ላይ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ የኖሩ ተመራማሪዎች እንደቆጠሩት ቀበሮዋ በጭላዳዎቹ መካከል ሆና ካደነችው 67 በመቶው ይሳካላታል። ብቻዋን ስታድን የሚሳካላት 25 በመቶው ብቻ ነው። ምክንያቱ በእርግጠኝነት አልተለየም፤ ጭላዳው ሣር ሲነጭ አይጦቹ ይረበሹ ይሆናል፣ ወይም በዚያ ሁሉ ግርግር ቀበሮዋን አያስተውሏትም። ይህን ሁሉ ማንም አላቀደውም። የመንዝ አባቶች ሲዘጉ የነበረው ለጣሪያቸው ብለው ነው። ከቀበሮዋ ትልልቅ ጠላቶች አንዱ ደግሞ ከእረኛ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከብት በማይገባበት ወራት ውሻም አብሮ አይገባም።

አሁን ወደ ጣና እንሂድ፤ የቁልፉ ነገር ሲጎድል ምን እንደሚመስል እዚያ ይታያል። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በሐይቁ ላይ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ታየ፤ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ተንሰራፋ። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያማረ ነው ብል የሚቆጣኝ ገበሬ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በሚመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከየከተማው በአውቶቡስ የመጣው ወጣት ነቀለ። ማሽኖች መጡ፤ በአመዛኙ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የአንድ ወር ሰፊ ዘመቻ ተደረገ፤ በዚያ ወር የፈሰሰው ላብ የእውነት ላብ ነበር።

ዘመቻው ግን መዝጋት የሚችለው ነገር አልነበረውም። እምቦጩን የሚመግበው ከላይ የሚመጣው ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ከደጋው አፈሩንና ማዳበሪያውን ጠራርገው ያመጣሉ፤ የከተማው ፍሳሽ ይጨመርበታል። በዳርቻው የሚነቅለው የደንቢያ ገበሬ ጎንደር ላይ የሚለቀቀውን ፍሳሽ «ተው» ሊል አይችልም። የራሱ ዳርቻም ቢሆን ባለቤቱ ግልጽ አይደለም። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚገኘው መሬት፣ ባሕር ሸሽ የሚሉት፣ አንድ ወቅት ሐይቅ ነው፣ አንድ ወቅት እርሻ። የቀደመ ያርሰዋል፤ ደለል ይዞ ያጣራ የነበረው ደንገል ለእርሻ ሲባል ይመነጠራል። ደንገሉ ሲሄድ በእሱ ታንኳ ሠርተው የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች መጀመሪያ ይጎዳሉ፤ ከሐይቁ ጋር ከማንም በላይ ቅርብ ሆነው በሐይቁ ጉዳይ ከማንም ያነሰ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሰፋው ሐይቅ አንድ አባ ቄራ ይብቃው ማለቴ አይደለም። በየዳርቻው ግን ይህች ደንገል የእነ እገሌ ቀበሌ ናት፣ በዚህ ወር ትቆረጣለች፣ በዚህ ወር አትቆረጥም የሚል ሥርዓት ቢኖር በየዓመቱ ለነቀላ የሚወጣው ሕዝብ ቁጥር በቀነሰ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የሐሮማያ ነገር ከዚህም አጭር ነው። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጠቀ። ደለሉም ሙቀቱም ድርሻ ነበራቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ለጫትና ለአትክልት ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነበረ፤ የማንንም ፓምፕ «ዛሬ ይብቃህ» የሚል አካል አልነበረም። ሐረር ውሃዋን ከሌላ ቦታ ማምጣት ጀመረች፣ በተፋሰሱ ላይ የእርከን ሥራ ተሠራ፣ ጥሩ ዝናብም ጣለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ተመልሷል። ደስ ይላል፤ ፓምፑም ግን አብሮ ተመልሷል።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ብዙዎቻችን እንደ መልካም ምሳሌ እንጠቅሳቸዋለን፤ እኔም እጠቅሳቸዋለሁ። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ሰው ቢጫ እርሻ መካከል አረንጓዴ ክብ ክብ ነጠብጣቦች ያያል፤ በእያንዳንዱ መሃል ጣሪያ አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ቅጥሩ ውስጥ የቀረው ፈሪሃ እግዚአብሔር ስለዘጋው ነው። ምሳር ይፈራል፤ ላም ግን ታቦት አትፈራም። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ከሥራቸው ያለው ቡቃያ በየዓመቱ እየተበላ ሲያልቅ ደኑ ሳይቆረጥ ያረጃል፤ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው፣ ከውስጥ ልጅ የለውም። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ባልደረባቸው ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ያገዙት መፍትሔ እጅግ ተራ ነገር ነው፤ የድንጋይ ካብ። ካህናቱና ምእመናኑ ድንጋዩን ከእርሻው ለቅመው በደኑ ዙሪያ ይክባሉ። ገበሬው ማረሻውን ከሚሰብርበት ድንጋይ ይገላገላል፤ ላሟ ከካቡ ውጭ ትቀራለች፤ ውስጥ ቡቃያ ይነሳል። ለካቡ ሲባል ድንበሩ ሲወጣም አንዳንዱ ደብር ካቡን ከዛፎቹ ጥግ አርቆ ይሠራዋል፣ ደኑ እንዲሰፋ። ምን ያህል ቦታ ለደን እንደሚተው የወሰነው ሰበካው ነው። ይሁንና ገንዘብ ሲያጥረው በቅጥሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ የሚተክለውም ሰበካው ራሱ ነው፤ ባለቤትነት ሁልጊዜ የምንወደውን ውሳኔ አያመጣም።

ወደ ደቡብ ወረድ ብለን ባሌ በኩል አዳባና ዶዶላ ስንደርስ ነገሩ በቁጥር ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በተጀመረው አሠራር ደኑ በብሎክ ይከፈላል፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሔክታር ተሰልቶ አንድ ማኅበር ቢበዛ 30 አባወራ ይይዛል፣ 360 ሔክታር መሆኑ ነው። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይገባል፤ የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ ይጠብቃል፣ በምላሹ በደኑ የመጠቀምና ሌላውን የመከልከል መብት ያገኛል። መብቱ እንደተሰጠ ትናንት «የመንግሥት ደን» ተብሎ ሲጨፈጨፍ የነበረው ማኅበር አገኘ። ሆኖም 31ኛው አባወራ ምን ይሁን? የመንዙ የዘር ጥያቄ እዚህ በሔክታር ተተክቶ ተመልሶ መጣ። የሚዘጋ ሥርዓት ሁሉ ከውጭ የሚያስቀረው ሰው አለው፤ ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ማኅበር ደኑን ለጥቂት ዓመት ያቆየዋል፣ ከዚያ በውጭ የቀሩት ልጆች ምሳር ይዘው ይመጣሉ።

ወላይታ ሁምቦ ላይ ደግሞ የተራቆተ ተራራ 2,728 ሔክታር ተከልሎ ከመሬት በታች በሕይወት የነበረው ጉቶ ራሱ አቆጠቆጠ፤ ችግኝ የተተከለው በጥቂቱ ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ደኑ ከአየር የሚስበው ካርቦን በሚሸጥበት የካርቦን ንግድ ተመዘገበ፣ ገንዘቡ ለሕብረት ሥራ ማኅበራቱ ገባ። ይህን ሳስብ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል፤ በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ የተባለበት ቀን። ስንት እንደተተከለ በማግሥቱ ሁላችንም ሰማን። በየቦታው ከብቱን ከልካዩ ማን እንደሆነ የነገረን ግን አልነበረም።

ሕጉ በወረቀት ረገድ ከበፊቱ ተሻሽሏል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ማኅበረሰብን ከመንግሥትና ከግል ጎን የደን ባለቤት አድርጎ ያውቃል። ከአዋጁ እስከ ቀበሌው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ኮሚቴ የያዘውን አጥፊ ፖሊስ ካልተቀበለው፣ ፍርድ ቤትም ካላየለት የመዝጋት ሥልጣን በማኅተም ብቻ ይቀራል።

ወደ ጓሳ ልመለስ። እዚያ የሚያሰጋኝ የሣር ሌባ አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው። የድሮው መንዜ 5 ዓመት የሚታገሠው ጣሪያው ሣር ስለሚፈልግ ነበር። ዛሬ ጎጆ የሚወጣ ወጣት ገንዘብ ካለው ቤቱን በቆርቆሮ ይመታል፤ ሣሩ ላይ የነበረው ጉጉት በዚያው ልክ ይቀንሳል። አሞሌ ለባለቤቱ ካልጣፈጠው ድንጋይ ነው ብሎ ይጥለዋል ይባላል። በሣሩ ፈንታ ጎብኚ እንዲገባ ታስቦ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ተሠርቶ ነበር፤ ቀበሮና ጭላዳ ሊያዩ ሰዎች ይመጡ ጀመር። ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ ለጎብኚ የሚመች አልሆነም። የቱሪዝም ገቢ ሲቆም የታየው ነገር ሥርዓቱ አሁንም በግጦሽና በማገዶ፣ በመጥረጊያና በገመድ ላይ የቆመ መሆኑ ነው፤ የበጋ ግጦሽ በተለይ ድርቅ በሆነ ዓመት ለመንዝ በግ ሕይወት ነው።

መሬት ያልደረሰው ወጣት ግን በግም የለውም፣ ጎጆም ገና አልወጣ። ጓሳ በሚከፈትበት ቀን ይዞት የሚሄደው ማጭድ ለማን ጣሪያ እንደሚያጭድ ኮሚቴው ቢጠይቀው ጥሩ ነው፤ አሁን ብዙውን ጊዜ የሚያጭደው ለሽያጭ ነው፣ ገዢውም በየዓመቱ እያነሰ ነው። ሣሩ ካልተሸጠለት ሌላ ምን ይከፈትለታል? የስካውትነት ሥራው በተራ ይዳረስ ይሆን? ከበግ አርቢው የሚሰበሰብ የግጦሽ ክፍያ ለእነዚህ ልጆች ይድረስ ይሆን? የቄሮ ዘመን አባቶች «የዘሬ አይደለህም» ብለው ይመልሱት ነበር። የዛሬው ኮሚቴ ይህን መልስ ትቶታል፤ በምትኩ ግን የሚሰጠው ሌላ መልስ ገና በእጁ የለም።